መካከለኛ የተባለው ካሜራ

መሄድ የማይፈልግ ሰው የሚታወቀው ሻንጣ ሲመርጥ ነው። የሚሄድ ሰውማ ምን ምርጫ አለው? ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ የጥርስ ብሩሹን ኪሱ ውስጥ ሰክቶ መናኸሪያ ይገኛል። መሄድ የፈራ ሰው ግን የዚፑን ጥርስ አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ማንገቻውን እየጎተተ ስፌቱን ይመረምራል፤ ጨርቁ የየት አገር እንደሆነ ሻጩን ያፋጥጣል። እንዲህ ያለ ሰው ገበያ ውስጥ ብታዩ አትሳቁበት። ሊገባበት የሚያፍር አንድ ቤት አለው፤ ቦርሳው ደግሞ ወደዚያ ቤት ላለመሄድ የቀረው የመጨረሻ ሰበብ ነው።

ይህን ከሰው ሰምቼ ወይም ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የምለው። እኔ ራሴ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ፊዚክስ የማስተምር የተከበርኩ ሰውዬ፣ ለሁለት ቀን ጉዞ የሚሆን ቦርሳ ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። በሁለት ወር ውስጥ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የእንቅስቃሴ ሕጎችን ሦስቱንም አስተምሬ፣ ፈትኜ፣ አርሜ ጨርሻለሁ። ቆሞ ያለ ነገር የሚገፋው ካላገኘ እንደቆመ ይቀራል የሚለውንም በምሳሌ አስረድቻለሁ። ቦርሳው ግን ገና አልተመረጠም ነበር።

የምሄደው አያ ይማም ዘንድ ነው። አያ ይማም የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከአጅባር ወጣ ብላ ባለች መንደር ይኖራሉ። አባቴ ገና ዳዴ ስል ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እቴ ሐዋ ናቸው። አያ ይማምን እርስዎ እላለሁ፤ እቴ ሐዋን ግን አንቺ ነበር የምላት። "እርስዎ" ያልኳት ቀን ምን አጠፋሁ ብላ ደነገጠች።

እቴ ሐዋ ያረፈችው እኔ ለፈተና ጥበቃ ሌላ ከተማ ሄጄ ሳለ ነው። ፈታኝ ስልኩን አስረክቦ ነው የሚገባው። በስምንተኛው ቀን ስልኬን መልሰው ሲሰጡኝ የተከማቸው መልእክት ሁሉ "የት ነህ?" የሚል ነበር። የመጨረሻው ብቻ አይጠይቅም። "ቀበርናት" ይላል።

እሺ፣ ቀብር አለመድረሴ የኔ ጥፋት አይደለም እንበል። በማግስቱ ተነስቼ ለቅሶ እንዳልደርስ ማን ያዘኝ? ማንም። ምን ብዬ እገባለሁ እያልኩ አንድ ሳምንት አሳለፍኩ። አንድ ሳምንት የዘገየ ሰው ምክንያት ያስፈልገዋል። አንድ ወር የዘገየ ሰው ከዚያ የተሻለ ምክንያት ያስፈልገዋል። ለዘጠኝ ወር የሚበቃ ምክንያት ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። አያ ይማም በዚህ ሁሉ ጊዜ የላኩብኝ መልእክት አንድ ብቻ ነው፤ ከአጅባር ገበያ የመጣ እህል ነጋዴ አደረሰኝ። "ያ ልጅ ደህና ነው ወይ በሉልኝ፤ ደህና ከሆነ አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃል" ነው ያሉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ባለቤቴ ሰዓዳ ማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሰበብ ስትሰማ ስለምትውል የኔን ቤት ገብታ ለመስማት ትዕግሥት የላትም። ሂድና ይቅር በሉኝ በላቸው፣ አለቀ፣ አለችኝ። ባዶ እጄን? አልኳት። ሁለት ቃል ናት፣ ሁለት ቃል ለመሸከም ቦርሳ አያስፈልግም አለችኝ። ሚስቴ የፊዚክስ መምህር ብትሆን ኖሮ ሸክም በቃል ብዛት እንደማይለካ ይገባት ነበር።

ካሜራው በዚህ መሃል ነው የገባው። እቴ ሐዋ ፎቶ የላትም። አንድ የነበራት በቀድሞው ስልኬ ውስጥ ነበር፤ በር ላይ ተቀምጣ፣ አትንኩኝ በሚል ዓይነት እጇን ዘርግታ ስትስቅ ያነሳኋት። ያንን ስልክ ደሴ መናኸሪያ ውስጥ የማላውቀው ሰው ከኪሴ ወሰደው። ሰውየው ማን እንደሆነች ሳያውቅ የእቴ ሐዋን ሳቅ በኪሱ ይዞ መዞሩን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ አያ ይማምን እንኳ በወረቀት የሚቀር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሌባ በኪሱ የማይከተው እውነተኛ ፎቶ ላነሳቸው ወሰንኩ። በስልክ ሳይሆን በፊልም።

ሰዓዳ ይህንን ስነግራት ለአጎትህ ነው ወይስ ለራስህ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁለታችንም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሌንስ በጠመኔ ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨረሩ እዚህ ይገባል፣ እዚህ ይሰበራል፣ እዚህ ይገናኛል እያልኩ፤ አንድም ቀን የራሴ ሌንስ ኖሮኝ አያውቅም። ምግብ ሳይቀምስ ስለ ወጥ አሠራር የሚያስተምር ሰው ብታገኙ ምን ትሉታላችሁ?

ደሴ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት አለ። ባለቤቱ ጋሽ ተፈራ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬም ጥቁርና ነጭ ፊልም በገዛ እጃቸው ያጥባሉ። መስኮታቸው ላይ ሁለት ካሜራ ተቀምጦ አየሁ። አንዱ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ቀጭን ነው። ሌላው ጥቁር ሣጥን ሆኖ ፊቱ ላይ ሁለት ዓይን፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ አለው። ሁለቱም መካከለኛ ፎርማት የሚባሉት ናቸው አሉኝ፤ ፊልማቸው ሰፊ ስለሆነ የሰው ፊት ላይ ያለው መስመር እንኳ አይቀርም። እንግዲህ መካከለኛ ሲባል ምን ትጠብቃላችሁ? ሣጥኑን ከመስኮቱ ላይ ሳነሳው የገበያ ሚዛን ድንጋይ ያነሳሁ መሰለኝ። መካከለኛ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት አያውቅም።

ታጣፊው ይቀላል፤ ባለ ሁለት ዓይኑ ይከብዳል። ታጣፊው ኪስ ይገባል፤ ባለ ሁለት ዓይኑ በር አይገባም ለማለት ምንም አይቀረው። ይህን ሁሉ አገናዝቤ፣ ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ፣ ሦስት ሳምንት አስቤ፣ ጋሽ ተፈራን በስልክ አድርቄ፣ ከባዱን መረጥኩ። ለምን? ክዳኑን ሲከፍቱልኝ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሎ ነው። ይህ ካሜራ ዓይን ላይ አይደገንም። በማንገቻው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ሆድ ላይ ያርፋል፤ አንሺው ከላይ ወደ ታች ነው የሚያይበት። ከክዳኑ ሥር አንዲት አራት ማዕዘን መስታወት አለች፤ የጋሽ ተፈራ ሱቅ ከነመንገዱ፣ ከነባጃጁ እዚያች ላይ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ቀኙ ግራ ሆኖ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። ትንሽ ማጉያም አለችው። እሷን ሲያወጧት የሚታየው የምስሉ መሃል ብቻ ነው፤ አንድ የኮት ቁልፍ ብታዩባት ክሩን ትቆጥራላችሁ። በአንድ ፊልም የሚነሳው አስራ ሁለት ፎቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢለምኑትም እምቢ ነው።

ካሜራውን ሲያስረክቡኝ ጋሽ ተፈራ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ በዚህ ሰው ስታነሳ መጀመሪያ ... ብለው ጀመሩ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር። ደግሞም ኩራቴ መጣ። ጋሼ፣ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ሌንስ እንጀራዬ ነው አልኳቸው። ፈገግ ብለው ክዳኑን ዘጉልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ንግግር አላቋርጥም፤ የተማሪዎቼን ካልሆነ በቀር።

ካሜራው ሲገኝ ቦርሳው የባሰ ተወሳሰበ። አሁን እንግዲህ ቦርሳው ካሜራውን፣ ለአያ ይማም የገዛሁትን ጋቢና የኔን ቅያሪ መያዝ አለበት፤ ደግሞም ካሜራው እንዳይጋጭ መከታ መሆን አለበት። መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ሁለት እጀታና አንድ ረጅም ማንገቻ ያላቸው፣ እንደ ትራስ ድቡልቡል የሆኑ የጉዞ ቦርሳዎች በሦስት መጠን ተደርድረዋል። ትንሿ ጋቢውን ስትውጥ ካሜራውን ትተፋለች። ትልቁን አንድ ቀን ለሙከራ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሱቁ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ጎረቤታችን እትዬ አለምነሽ አየችኝ። በኛ አገር አዲስ ትልቅ ቦርሳ ያነገተ ሰው የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ዓረብ አገር። ማታውን እትዬ አለምነሽ አንድ ጣሳ በሶ ይዛ፣ ዓይኗን እየጠረገች ቤታችን መጣች። በዚህ ዕድሜህ ምነው አለችኝ። ሰዓዳን ለብቻዋ ጠርታ አይዞሽ አለቻት። አጅባር ነው የምሄደው ብዬ ብምል ብገዘት፣ እንዲያ ነው የሚባለው እያለች አንገቷን ነቀነቀች። በሶውን በላነው፤ ጥሩ በሶ ነበር።

በመጨረሻ መካከለኛውን ቦርሳ ገዛሁ። ሰዓዳ ጋቢውን ራሷ አጣጥፋ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ አሁንማ ምን ቀረህ የሚል ነበር። እውነትም የቀረኝ ነገር አልነበረም።

መናኸሪያ ስደርስ የመካከለኛነት ትርጉም ተገለጠልኝ። ጉልበቴ ላይ እንዳላስቀምጠው ትልቅ ነው፤ ከመቀመጫ ሥር እንዳልከተው ወፍራም ነው። ረዳቱ ነጥቆ ወደ ጣሪያው ወረወረው። እዚያ ጣሪያ ላይ ሁለት የገብስ ኩንታልና አንድ የታሰረ በግ ነበሩ። ካሜራዬን በግ እንዲረግጠው? ጮኼ ቦርሳውን አስወረድኩና ካሜራውን አውጥቼ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሁለት ወር ሙሉ ለካሜራው ሲባል የተመረጠው ቦርሳ ካሜራውን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልተሸከመም። ሁለት መኪና ቀይሬ፣ ቀሪውን በእግሬ ሄጄ እስክደርስ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ቀኑ ጁምዓ ነበር፤ ስደርስ ሶላት ወጥቷል። አያ ይማም ነጩን ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ግቢያቸው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጎናቸው ጎረቤታቸውና የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ቄስ ሞላ አሉ፤ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ። ሲያዩኝ ሁሉም ተነሱ። ቦርሳዬን አጥሩ ሥር አስቀምጬ አሰላሙ አለይኩም አልኩ። ወአለይኩም ሰላም አሉ አያ ይማም። ከስተዋል። ኮታቸው የሌላ ሰው ኮት መስሎ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከፈተናው ይጀምራል፣ በስልኩ ያልፋል፣ በይቅርታ ያልቃል። አንዱም ቃል አልመጣልኝም።

አፌ እምቢ ሲለኝ እጄ ካሜራው ላይ ሄደ። ብርሃኑ ሳይሄድ ፎቶውን ላንሳ፣ ከዚያ ንግግሩ ይደርሳል አልኩ። አያ፣ እዚያው ይቁሙልኝ አልኳቸው፤ ድምፄ ግን ለራሴም አልተሰማኝም። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ማጉያዋን አወጣሁ፤ አንገቴን ደፍቼ መስታወቷ ላይ አፈጠጥኩ።

ፀሐዩ ኃይለኛ ስለነበረ መስታወቷ ላይ በደንብ የሚታይ ነገር የለም። የአያ ይማምን የኮት ቁልፍ ፈልጌ አገኘሁት፤ ላጠራው ስል አመለጠኝ። ወደ ቀኝ ሄደ ብዬ ወደ ቀኝ ስዞር ወደ ግራ ሄደ፤ ቀኙ ግራ መሆኑን ረስቼዋለሁ። በቁልፉ ፋንታ አንድ ነጭ ነገር መጣ። የለበሱት ነጠላ ይሆናል ብዬ ነጩን አጠራሁና ተጫንኩ። አንድ። ቀና ስል ሁሉም ቆመው ያዩኛል። መዘውሩን አዙሬ እንደገና አንገቴን ደፋሁ።

"በቃ ልጄ፣ ቀና በል" አሉኝ ቄስ ሞላ።

"ገና ነኝ አባ፤ አስራ አንድ ይቀረኛል።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያ ረቢ ሲሉ ሰማሁ። ፎቶ እንዲህ ያስደንቃቸዋል ብዬ ሳልጠብቅ ደስ አለኝ። ወደ ፊት ጠጋ አልኩ፤ አንገቴን ደፋሁ፤ ተጫንኩ። ወደ ጎን ሄድኩ፤ ደፋሁ፤ ተጫንኩ። አምስተኛው ላይ ቄስ ሞላ፣ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት እንጂ አያ ይማም፣ የሰው ልጅ ነው ሲሉ ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ የሚያወሩ መሰለኝ። ስምንተኛው ላይ አንገቴ ሊቆረጥ ደረሰ። አስራ አንደኛው ላይ ከብርሃኑና ከማፍጠጡ የተነሳ እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ። ሁሉም የብርሃኑ ነው ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ፤ ከኋላቸው የእቴ ሐዋ በር ይታየኝ ነበር።

አስራ ሁለተኛውን ተጭኜ ሳልጨርስ አያ ይማም ከፊቴ ደረሱ። በሁለት እጃቸው የካሜራውን ማንገቻ ከአንገቴ አወጡና፣ "አውርደው ልጄ፤ አውፍ ብያለሁ" አሉኝ። ካሜራውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ቀስ ይበሉ አያ፣ መስታወት አለው ልል አፌን ስከፍት ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ። ከዚያ አለቀስን። ዘጠኝ ወር ያመቅሁት ነው የወጣው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለፎቶው መሳካት የሚደረግ መስሎኝ ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ምሳ ላይ ነው። ቄስ ሞላ፣ የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮአቸው ለብቻ ቀርቦላቸው፣ ጎርሰው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ ነገር ድሮ ቀረ ብዬ ነበር አሉ። በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ተበዳይ አውርደው እስኪለው ድረስ ቀና የማይል፣ በልጅነቴ ነው ያየሁት አሉ። አንተ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰህ፣ አስተማሪ ሆነህ፣ ያንን የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ከመካነ ሰላም ድረስ! ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን አስራ ሁለት ጊዜ፣ በቃ ሲሉህ ገና ይቀረኛል እያልክ። አደብ ማለት ይኼ ነው አሉና ሌላውን ሽማግሌ ተመለከቱ። ሽማግሌው ድንጋዩን እንዴት አድርገው ቢወቅሩት ነው እንዲህ የለዘበ ብለው አደነቁ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚያች ሰዓት ምን ማለት ነበረብኝ? ድንጋይ አይደለም ካሜራ ነው፣ ያጎነበስኩትም ለእርስዎ ሳይሆን ለኮትዎ ቁልፍ ነው ልበል? የእነሱ ካሜራ ፊት ለፊት የሚደገን ስልክ ነው፤ ሆድ ላይ ያለ ጥቁር ሣጥን ካሜራ ነው ብሎ ማን ያስባል? ቀና ብዬ አያ ይማምን አየኋቸው። ዝም ብለው ይበላሉ። እኔም ዝም ብዬ በላሁ። ያልጠየቅሁት ይቅርታ ተሰጠኝ፤ ተቀበልኩ። አስተማሪ ተማሪውን ሲኮርጅ ቢይዘው የሚያስወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ወደ መካነ ሰላም ከመመለሴ በፊት በደሴ በኩል ዞሬ ፊልሙን ለጋሽ ተፈራ ሰጠሁ። አጥበው፣ አድርቀው፣ አሳትመው ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሩልኝ። አስራ ሁለት ፎቶ፣ አስራ ሁለት ጥምጥም። ከላይ የታየ ጥምጥም፣ ከጎን የታየ ጥምጥም፣ እጅግ ጠርቶ የክሩ ቁጥር የሚታወቅ ጥምጥም። በአራቱ ላይ የቄስ ሞላም ቆብ አለበት። ፊት የሚባል ነገር የለም። እኔ ሳጎነብስ ሁሉም አብረውኝ ሲያጎነብሱ፣ ቀና ስል ሁሉም ቀና ሲሉ ነበር ለካ።

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ሳቁ። እሷን ነበር ልነግርህ የነበረው አሉኝ። የኛ አገር ሽማግሌ እየተጎነበሰለት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ታስረዳቸዋለህ፣ ከዚያ ታነሳለህ። ይህ የሌንስ ነገር አይደለም፣ አንተ ግን ሌንስ እንጀራዬ ነው አልከኝ አሉ። የአጎቴ ፊት እንደ እቴ ሐዋ ፊት ከእጄ አመለጠ እያልኩ መንገዱን ሁሉ ስቆጭ መጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ሄድኩ። በዚህኛው ጉዞ ቦርሳ አልመረጥኩም፤ ያው ቦርሳ፣ ካሜራውም እውስጡ። በጉም አልነበረም። አያ ይማም ብቻቸውን ግቢያቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ፎቶዎቹን ሰጠኋቸውና ሳልቀመጥ፣ ድፍረቴ ሳይጠፋ፣ ያን ቀን ያጎነበስኩት ለይቅርታ አልነበረም አልኳቸው። ነገሩ ካሜራ መሆኑን፣ ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ፣ መስታወቷን፣ ቁልፉን፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

አንዱን ፎቶ አራቅ አድርገው ይዘው ሲያዩ ቆዩ።

"አውቃለሁ" አሉ።

ምኑን ነው የሚያውቁት?

"በጎረምሳነቴ ደሴ ለመታወቂያ ስነሳ ሰውየው እንዲህ ያለ ሣጥን ነበረው። እሱም ሆዱን ነበር የሚያየው።"

ታዲያ ለምን አውፍ አሉኝ አልኳቸው፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

"ዘጠኝ ወር ጠበቅሁህ። በአፍህ እንደማትለው ያን ቀን አየሁ። አንገትህ ሲለው ጊዜ በሱ ተቀበልኩህ።"

እሺ፣ ካሜራ መሆኑን ካወቁ ለምን አብረው አጎነበሱ? ፊትዎን ቢያሳዩኝ ምን ነበር? ብዬ ተቆጣሁ ማለት ይቻላል።

"ቀጥ ብዬ ብቆም ፎቶ መሆኑን ሞላ ይነቃ ነበራ። ለቅሶ ያልደረሰ ልጅ ፎቶ ሊያነሳ መጣ ይባልብህ?"

ወደ ፎቶው ተመለሱ። ይሄ ጥምጥም ወደ ግራ ተንጋዷል አሉ፤ በጣታቸው ተከተሉት። ከኋላ ሆና የምታስተካክልልኝ ሐዋ ነበረች፣ ለካ እንዲህ ሆኜ ነው የምውለው አሉ። ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ራሳቸውን ዳበስ አደረጉ። ያን ጊዜ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ አንገቴ ላይ ምንም አልነበረም። ቀና ብዬ ዓይናቸውን እያየሁ፣ አያ፣ ይቅር በሉኝ አልኳቸው። እውነትም ሁለት ቃል ናት።

አያ ይማም አጥሩን ወዲያና ወዲህ ቃኙ። ማንም እንዳልሰማ ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዝም በል አንተ ልጅ፣ ሞላ እንዳይሰማህ። አስራ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ ብሎ ለአገር ያወራው ሰው ነው፤ አስራ ሦስተኛ ካልክማ፣ ደግሞ ምን አጥፍቶ መጣ ይላል።"